ቁጥሩ ቢያምርም ክኒኑን አይተዉ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ትምህርታቸውን ይዘዋል፤ ትንሿ «አባባ መቼ ነው የሚመጡት?» እያለች ነጋ ጠባ ትጠይቀኛለች።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የኮሌስትሮል ክኒንዎን፣ አቶርቫስታቲኑን፣ ከፍልሰታ ወዲህ እንዳቆሙት እህቴ ነገረችኝ። እሷን አይቆጧት፣ እኔ ነኝ ያወጣጣኋት። ከመነጽርዎ ጋር መሳቢያ ውስጥ ያልተነካ እሽግ አይታለች። «የኮሌስትሮል ውጤቴ ደህና ነው ተብያለሁ፤ ሥጋና ቅቤም እንደ ልቤ አልበላም፤ የሌለብኝን በሽታ ምን አስታምማለሁ?» ማለትዎንም ሰምቻለሁ።

ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ይመስላል። መድኃኒት ቤትም እየመጡ ይህንኑ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሐኪሙ ክኒኑን ያዘዘልዎት ወረቀት ላይ ላለው ቁጥር ብሎ አይደለም፣ ለደም ሥርዎ ብሎ ነው። እንደ እርስዎ ስኳርና ግፊት አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የደም ቧንቧውን ግድግዳ ከውስጥ ይጎዱታል። በተጎዳው ቦታ ቅባት ይገባል፣ ሰውነት ይቆጣል፣ በላዩም ስስ ሽፋን ያበጃል። ልክ እንደ ብጉንጅ ነው። ይሄኛው ግን ሲፈርጥ ደም እዚያው ይረጋና መንገዱን ይዘጋል፤ ልብ ላይ ሲሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ጭንቅላት ላይ ሲሆን ስትሮክ ይሆናል። የሚፈርጠውም ሁልጊዜ ትልቁ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰማዎት የኖረው፣ ሽፋኑ የሳሳው ነው።

እንደ አቶርቫስታቲን ያሉት፣ ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ ያጠባሉ። (አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ራሱ ሰውነታችን ስለሆነ ጾሙ ብቻውን አይበቃም፣ አባባ።) በዚያው መንገድ ግን ኮሌስትሮል ብቻ አይደለም የሚመረተው፤ የቧንቧውን ግድግዳ የሚያስቆጡ ነገሮችም ከዚያው ይነሳሉ። እነሱ ሲቀንሱ ቁጣው ይበርዳል፣ ስሱ ሽፋን ይደነድናል፣ የቧንቧው የውስጥ ገጽም ሥርን የሚያፍታታውን ናይትሪክ ኦክሳይድ በተሻለ ያመነጫል።

በወሬ እንዳይመስልዎት። እንግሊዝና አየርላንድ ውስጥ ስኳር ያለባቸው፣ ልባቸውን ግን ታመው የማያውቁ 2,838 ሰዎች ተጠንተው ነበር። የብዙዎቹ ኮሌስትሮል ያን ያህል ከፍ ያለ አልነበረም። ግማሾቹ የተሰጣቸው ልክ የእርስዎ፣ 10 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ስትሮክ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ፤ ጥቅሙ ቶሎ ስለታየም ጥናቱ ከታሰበው ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጁፒተር የተባለ ጥናት ወጣ። ኮሌስትሮላቸው ደህና የሆነ፣ ደማቸው ውስጥ ግን ሲአርፒ የሚባለው የቁጣ ምልክት ከፍ ያለባቸው 17,802 ሰዎች የገቡበት ነው። ሮዙቫስታቲን የሚባለውን ሌላ ስታቲን የወሰዱት ላይ የልብና የስትሮክ አደጋ በ44 ከመቶ ቀነሰ። እውነቱን ለመናገር እዚያም ኮሌስትሮላቸው በግማሽ ወርዶ ነበርና፣ ጥቅሙ ከኮሌስትሮሉ መውረድ ይሁን ከቁጣው መብረድ ሐኪሞቹ ዛሬም ይከራከራሉ። ክርክሩን ለእነሱ እንተውላቸው፤ እኔ የምፈልገው እርስዎ ከስትሮክ እንዲድኑልኝ ነው።

ጎረቤትዎ «ለካንሰርም ለአጥንትም ይበጃል» ያሉትን ግን አይቀበሏቸው፤ አልተረጋገጠም። «ያስረሳል» የሚሉትንም እንዲሁ። ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 82 በሆነ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ማስታወስን አልቀነሰም፣ አልጨመረምም።

ባትዎን ያመመዎት ነገር ያሳስበኛል። ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፣ አልክድም። ሆኖም ስታቲን አሞን ተውነው ያሉ 60 እንግሊዛውያን አንዳንዱን ወር መድኃኒቱን፣ አንዳንዱን ወር ምንም የሌለበት ክኒን ሳያውቁ ሲወስዱ፣ ከሕመሙ 90 ከመቶው ያህል በባዶው ክኒንም መጥቷል። ከባድ የጡንቻ ሕመም ከመጣና ሽንትዎ ከጠቆረ ግን ክኒኑን አቁመው ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ክላሪትሮማይሲን የሚባል መድኃኒት ካዘዙልዎትም ስታቲን እንደሚወስዱ ይንገሯቸው። ስታቲኑ ስኳርዎን በጥቂቱ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ግን ጥቅሙ ይበልጣል።

በጾም ጧት አልውጥም ካሉ ማታ ከእራት በኋላ ይዋጡት፤ አቶርቫስታቲን ሰዓት አይመርጥም። የስኳሩን መድኃኒት ግን ሐኪምዎን ሳያማክሩ ሰዓቱን አያዛውሩ። እሽጉ ጊዜው እንዳላለፈበት እህቴ ታየዋለች። በሚቀጥለው ቀጠሮዎም ማቋረጥዎን ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩት፤ አይቆጣዎትም፣ ቢቆጣም ይቻሉት።

እሑድ እደውላለሁ። እማዬን ሳሙልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ