ጨጓራው ቢጠብም ቡናው አልቀረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ውፍረት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን ታሪኩን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስድስተኛው ወር ላይ አቆማችሁት። እኔ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከጨጓራዬ 80 በመቶ ገደማ ተቆርጦ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ኪሎው ራሱ ይረግፍ ነበር፤ የኔ ጥረት ብዙም አልነበረበትም። አራተኛው ዓመት ላይ ረሃቡ ተመለሰ።

ያወፈረኝ ክትፎ እንዳይመስላችሁ። ቡና ነው! በቀን ሦስቴ፣ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ከጎኑ ድፎ ዳቦ። ጠባብ ጨጓራ ጥሬ ሥጋን እንጂ ጣፋጭ ነገርን አያግድም። 11 ኪሎ ተመለሰብኝ።

አሁን የምበላው በስኒ ማስቀመጫ ሳህን ነው። እንቁላሉ ይቀድማል፣ እንጀራው መጨረሻ ላይ፣ ቦታ ከተረፈ። በጾም ወፍራም ሽሮና ምስር በማንኪያ እበላለሁ። ውሃ ከምግብ ጋር አልጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። የቫይታሚን እንክብሉም የዕድሜ ልክ ነው። አንድ ዓመት ችላ ብዬ እግሬን ይደነዝዘኝ ጀመር፤ ደሜ ሲመረመር ቢ12 አልቆ ተገኘ። ይህን በጽሑፋችሁ ብትጨምሩት ደግ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ጉርሻ ነው። አክስቴ «በሞቴ!» ስትል ማን እምቢ ይላል? በስንት ጭቅጭቅ በአንድ ጉርሻ ብቻ ተስማማን። እሷም ታዲያ ጉርሻዋን አተለቀችው።

አንባቢያችሁ
ከሜሪላንድ