ማስኩ ታደለ፤ ለባሹስ?

ግልጽ ደብዳቤ
ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ሥራና ሥልጠና መምሪያ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የመተንፈሻ መከላከያ አድርገው የሚሠሩ ሠራተኞችን ጤና ይመለከታል

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪውን መከላከያ አቅርብ ብሎ ብቻ አይተወውም። አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ፣ አደገኛ ሥራ ላይ የሚሰማራውንም ሠራተኛ እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። የምንጽፍላችሁ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ግማሽ ነው። ማስክ ተገዝቶ፣ ሠራተኛው ፈርሞ ተቀብሎ፣ መዝገቡ ላይ «ተሟልቷል» ከተባለ በኋላ ያለው ነገር በየወፍጮ ቤቱ፣ በየሰሊጥ ማበጠሪያውና በየድንጋይ መጥረቢያው ተዳፍኖ ይቀራል።

በኮቪድ ጊዜ «ማስክ ኦክስጅን ያሳጣል» ሲባል ነበር። ጤነኛ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታይም። በደሙ ያለው ኦክስጅን እምብዛም አይወርድም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ቢጨምር በጥቂቱ ነው። «ምንም አያደርግም» የሚለውም ግን ያው ስሕተት ነው፤ ማስክ ለሰውነት ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ይህም በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ተመልሶ የሚሳበው ትንፋሽ ነው።

ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በአንድ ትንፋሽ 500 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ይስባል። ከዚህ 150 ሚሊ ሊትር ገደማው ጥልቁ ሳንባ ሳይደርስ በአየር ቧንቧው ውስጥ ይቀራል። ማስክ ሲደረግ በፊትና በማጣሪያው መካከል ያለው ክፍተት ይታከልበታል። ከዚያ መጀመሪያ የሚሳበው አየር ሰውየው አሁን ያስወጣው የራሱ ትንፋሽ ነው፤ ውጭ አየር ላይ 0.04 በመቶ የሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚህ ትንፋሽ ውስጥ 4 በመቶ ይደርሳል። ኢኤን 149 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ በማስክ ውስጥ የሚሳበው አየር በአማካይ ከ1 በመቶ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳይኖረው የሚገድበው ለዚህ ነው። ሰውነት ጉድለቱን የሚሞላው በጥልቀት በመተንፈስ ነው። ጤነኛ ሳንባ ይህን ሳይሰማው ያደርገዋል። አስም ያለበት፣ ሳንባው ከቲቢ ሕክምና በኋላ ጠባሳ የያዘበት፣ ዕድሜ ልኳን ጭስ ቤት ስትጋግር የኖረች ሴት ግን ለዚህ የሚተርፍ አቅም ላይኖራቸው ይችላል።

ሁለተኛው ማጣሪያው ለሚያልፍበት አየር ያለው ተቃውሞ ነው። የአሜሪካው መለኪያ ኤን 95 የተባለው የብናኝ ማስክ አዲስ ሳለ በደቂቃ 85 ሊትር አየር ሲሳብበት ተቃውሞው ከ35 ሚሊ ሜትር የውኃ ከፍታ እንዳይበልጥ ይላል። በማጣሪያው የሚያልፈው አየር በእጥፍ ሲጨምር ተቃውሞውም በእጥፍ ያድጋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። እዚህ ጆንያ የሚሸከም ሰው ያንኑ ኦክስጅን ለማግኘት ብዙ ሊትር አየር መሳብ አለበት። «አየሩ ስስ ስለሆነ በማስኩ ቀልሎ ያልፋል» የሚሉ አሉ፤ አያልፍም። የጥጥ መሰል ማጣሪያ ተቃውሞ በአየሩ ፍጥነትና ዝልግልግነት እንጂ በክብደቱ አይወሰንም። ከመተማ ቆላ ለሥራ የመጣ ሰው ደግሞ አየሩን እስኪለምደው ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋልና፣ በመጣ በማግሥቱ ማስክ አስታጥቆ ጭነት ላይ ማሰማራት አይገባም።

ሦስተኛው ሙቀትና እርጥበት ነው። አፍና አፍንጫ አካባቢ የታመቀ ሙቀት ሰውነቱ በሙሉ የጋለ ያህል እንዲሰማው ያደርጋል። ላብ የነካው ማጣሪያም ለትንፋሽ ይከብዳል። ራስ ምታቱ፣ የአፍንጫ ድልድይ መቁሰሉ፣ ጭንቀቱ፣ «ልታፈን ነው» የሚለው ስሜት የሚመጣው ከዚህና ከማሰሪያው ጥብቀት ነው።

ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ብታዩት ሦስቱም በአንድ ማስክ ላይ ተደርበው ታገኟቸዋላችሁ። ትንፋሽ ያራሰው ዱቄት ሊጥ ይሆናል። ማስተንፈሻ ባለው ማስክ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ስስ የላስቲክ ክዳን አለች፤ ሲያስወጡ ትከፈታለች፣ ሲስቡ ትዘጋለች። ሊጡ ጠርዟ ላይ ሲደርቅ ወይ ተጣብቃ አትከፈትም፣ ያኔ ሙቀቱ ውስጥ ይታመቃል፤ ወይ ገርበብ ብላ ትቀራለች፣ ያኔ አቧራው ሳይጣራ ይገባል። በርበሬ ሲፈጭ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ሰውየው ይስላል፣ ማስኩን ወደ አገጩ ያወርዳል፣ በርበሬ በነካው ጣቱ መልሶ ይለብሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ማስኩ ራሱ ያቃጥለዋል። ያንን ማስክ «ሠራተኛው አይጠቀምም» ብሎ መክሰስ ቀላል ነው።

ብዙ ቦታ የምናየው ሌላው ጥፋት ማጠብ ነው። ኤን 95ም ሆነ የአውሮፓ አቻው ኤፍ ኤፍ ፒ 2 ብናኝ የሚይዙት በጭረታቸው ጥልፍልፍ ብቻ አይደለም፤ ጭረቶቹ ላይ የተሞላ የኤሌክትሪክ ሙል አለ። ሳሙናና አልኮል ይህን ሙል ያጠፉታል። ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ማስክ ንጹሕ ይመስላል፣ ለትንፋሽም ይቀላል፤ ደቃቁን ብናኝ ግን ያሳልፋል። ማስክ የሚቀየረው ትንፋሽ ሲከብድ፣ ሲረጥብ፣ ሲጨማደድ ወይም ማሰሪያው ሲላላ ነው። ዱቄት ባለበት ቤት ይህ በየቀኑ ሊሆን ስለሚችል፣ በወር አንድ የሚል እደላ ከዚህ ጋር አይሄድም።

ነጠላ አፍንጫ ላይ መጠምጠም ደቃቅ ብናኝ አያስቀርም፤ ሰርጂካል ማስክም በጎኑ ክፍት ነው። ፊት ላይ የሚገጥመው ማስክም ቢሆን ልኩ ካልተለካ ከዚያ ብዙ አይሻልም። የላይኛው ማሰሪያ ከጆሮ በላይ በአናት፣ የታችኛው ከጆሮ በታች በማጅራት ይውላል። ሻሽ ላይ የተደረገ ማሰሪያ ስለሚንሸራተት መጀመሪያ ማስኩ ይደረጋል፣ ሻሹ ከላይ ይታሰራል። የአፍንጫው ሽቦ በሁለት እጅ ጣቶች ይጫናል፤ በአንድ እጅ ከተቆነጠጠ መሐሉ ሾሎ ጎንና ጎኑ ይከፈታል። ከዚያ ማስኩን በሁለት መዳፍ ሸፍኖ በኃይል ማስተንፈስ ነው፤ ማስተንፈሻ ካለው ደግሞ መሳብ። ዐይን ሥር ንፋስ ከተሰማ እንደገና።

የጺምን ነገር በዝምታ አናልፈውም። የአንድ ቀን ጺም እንኳ ማስኩ ፊት ላይ የሚገጥምበትን ማኅተም ይሰብራል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ጺሙን እንደማይላጭ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ «ተላጭ» ማለት ያስቀይማል፣ ዝም ማለት ሳንባውን ይጎዳል። ያለው መንገድ ሐዘኑ እስኪያልፍ አቧራ ከሌለበት ሥራ ላይ መመደብ ነው። የማኅተም መለኪያው ቀላል ነው፤ በራስ ላይ በሚደፋ ኮፈን ውስጥ የሚጣፍጥ ወይም የሚመር ፈሳሽ ይረጫል፣ ሠራተኛው እየተነፈሰ፣ ራሱን ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች እያዞረ፣ እያወራ፣ እያጎነበሰ እያንዳንዱን አንድ አንድ ደቂቃ ያደርጋል። ጣዕሙ ምላሱ ላይ ከመጣ ማስኩ አይሆነውም፣ ሌላ ልክ ይሞከራል። በጾም ቀን ጠዋት ይህን ፈተና የሚቀበል ስለማታገኙ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አድርጉት።

ዕረፍትን በተመለከተ የጀርመኑ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለመካከለኛ ክብደት ሥራ ጥሩ መነሻ አለው፤ ማስተንፈሻ የሌለው ማስክ ለ75 ደቂቃ፣ ያለው ለ120 ደቂቃ ይደረጋል፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ያለ ማስክ። ዕረፍት ማለት ሥራ ማቆም የግድ አይደለም፤ አቧራ በሌለበት ቦታ ጆንያ መስፋትም ዕረፍት ነው። ለእኛ ግን አንድ ጉዳይ ይጨመራል። ሙቀቱ የሚበረታው መጋቢት ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል፤ የሚጾመው ሠራተኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ስለማይቀምስ ከባዱ የማስክ ሥራ ማለዳ ይለቅ፣ ከቀትር በኋላ የሚቀረው ይቅለል። በረመዳንም እንዲሁ። ማዞር፣ ደረት መጨነቅ ወይም ብዥታ የተሰማው ሰው መጀመሪያ ከአቧራው ይውጣ፣ ማስኩን ከዚያ ያውልቅ። በመውጣቱም ደመወዙ አይቆረጥ።

መኪና ቀለም ለሚረጩት አጭር ነገር እንበል። የብናኝ ማስክ የቀለም ማቅጠኛ ትነት አያስቀርም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። እሱም ከሥራ በኋላ በላስቲክ ታሽጎ ካልተቀመጠ ሜዳ ላይ ተንጠልጥሎ ያልቃል።

የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የውኃ ጉድጓድና የመጥመቂያ በርሜል ነገር ግን የተለየ ነው። ማጣሪያ ኦክስጅን አይፈጥርም። ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ በታች በሆነበት ቦታ የትኛውም የማጣሪያ ማስክ የሞት ወጥመድ ነው፤ የጉድጓዱ ጋዝም ሲበዛ የማሽተት አቅምን ስለሚያደነዝዝ «አይሸትም» የሚል ማረጋገጫ አይሠራም። ሊያወጣው የወረደውም አብሮ ይቀራል። እዚያ የሚገባው አየር በጀርባ ይዞ ነው፤ በ300 ባር ግፊት የተሞላ የ6.8 ሊትር ሲሊንደር 2,000 ሊትር ገደማ አየር ይይዛል። በከባድ ሥራ በደቂቃ 60 ሊትር የሚስብ ሰው ግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ልቡም ከሥራው ሌላ የመሣሪያውን ክብደት ይሸከማል። ልቡና የደም ግፊቱ ያልተመረመረ ሰው ይህን አይታጠቅ።

የምንጠይቃችሁ እንግዲህ እነሆ። የቁጥጥር ቅጻችሁ «ማስክ ተሰጥቷል ወይ?» ከሚለው ቀጥሎ ሠራተኛው ስለ አስም፣ ቲቢ፣ ልብ፣ ደም ማነስ፣ እርግዝናና ዝግ ቦታ ስለ መፍራት ተጠይቆ እንደሆነ፣ ልኩ ተለክቶ እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያርፍ ይጠይቅ። ለትንንሽ ድርጅቶች የመለኪያ ኮፈኑንና ፈሳሹን አንድ ሁለት ገዝታችሁ በተራ አውሱ፤ እያንዳንዱ ወፍጮ ቤት ይግዛ ማለት አይሆንም። አነስ ያለ ፊት ላላቸው ሴቶችም ትንሹ ልክ እንዲቀርብ አድርጉ። ከሁሉ በፊት አቧራውን እምንጩ ላይ የሚይዝ ነገር ይታይ፤ የወፍጮው አፍ ላይ የጨርቅ ጆንያ በደንብ መታሰሩን፣ ድንጋይ ሲጠረብ ውኃ መነከሩን። አቧራው ባነሰ ቁጥር ማስኩ የሚደረግበት ሰዓት ያጥራል።

የቅጹን ረቂቅና የጤና መጠይቁን በአማርኛ አዘጋጅተን ልናቀርብላችሁ ፈቃደኞች ነን። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት በጥቂት ወፍጮ ቤቶች ቢሞከር የሚስተካከለውን እናስተካክላለን።

ከአክብሮት ጋር
በጎንደር የምንሠራ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ባለሙያዎች