ወደ ሩቅ ሰርቨር መግባት ሲያስቸግር የስም ፍለጋው ይፈተሽ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከሩቅ ሆኖ ወደ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስገባው በኤስኤስኤች ትእዛዝ ወደ መሥሪያ ቤታቸው ሰርቨር መግባት ለተቸገሩ አንባቢ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የተሰጠውን ምላሽ አነበብሁ። ምላሹ የሰርቨሩን ስምና አይፒ አድራሻ (የኔትወርክ ቁጥሩን) በእያንዳንዱ ኮምፒውተር የሆስትስ ፋይል (የስምና የአድራሻ ዝርዝር) ውስጥ ጽፎ መገላገል እንደሚቻል ይመክራል። ይህ ለዕለቱ ቢያሠራም፣ ስሙ ለምን እንዳልተገኘ ሳይመረመር በየኮምፒውተሩ የሚጻፍ አድራሻ ሰርቨሩ ሌላ አድራሻ በተሰጠው ቀን ማንም የማያስታውሰው እንቅፋት ስለሚሆን፣ በሙያው ላይ እንዳለ ሰው ጥቂት ማለት ወደድሁ። ለነገሩ ምክሩ አዲስ አይደለም፤ የኮምፒውተርን ስም ወደ አድራሻ የሚለውጠው ዲኤንኤስ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1983 ከመውጣቱ በፊት፣ የኢንተርኔት ቀዳሚ የነበረው የአርፓኔት ኮምፒውተሮች ስም ሁሉ በካሊፎርኒያ በሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም በተያዘ አንድ ፋይል ይመዘገብ ነበርና፣ ያ አሠራር የተተወው የኮምፒውተሩ ብዛት ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የስሕተቱን መልእክት አስተውሎ ማንበብ ይገባል። «ኩድ ኖት ሪዞልቭ ሆስትኔም» ማለት ትእዛዙ ስሙን ወደ አድራሻ መለወጥ አቅቶት ገና ከደጅ ቆሟል ማለት ነው። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» የሚለው ግን አድራሻው ተገኝቶ በተጠየቀው ፖርት (የአገልግሎቱ በር ቁጥር) የሚቀበል እንደጠፋ ስለሚናገር፣ ስሙ ወደ ተሳሳተ አድራሻ ካልመራ በቀር ዲኤንኤስን መነካካት ትርፉ ድካም ነው።

ብዙ ባለሙያ ሳይቀር የሚደናገረው ዲግ ወይም ኤንኤስሉክአፕ የተባሉት የዲኤንኤስ መፈተሻ ትእዛዞች ስሙን በትክክል እያሳየ ኤስኤስኤች «አላገኘሁም» ሲል ነው። ሁለቱ መፈተሻዎች የዲኤንኤስ ሰርቨሩን በቀጥታ ይጠይቃሉ፤ ኤስኤስኤች ግን ፕሮግራሞች ሁሉ ስም በሚፈልጉበት በሲስተሙ ላይብረሪ በኩል ስለሚሄድ፣ በሊኑክስና በሶላሪስ ሲስተሞች ላይ ኤንኤስስዊች ኮንፍ በተባለው ፋይል የ«ሆስትስ» መስመር ላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል ይገዛል። በዚያ መስመር «ፋይልስ» (የሆስትስ ፋይሉ ማለት ነው) ብቻ ተጽፎ «ዲኤንኤስ» ከተዘለለ፣ የዲኤንኤስ ሰርቨሩ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን የሚጠይቀው የለም። በአንጻሩ ዲኤንኤሱ ተስተካክሎም ሳለ በሆስትስ ፋይል የተረሳ አሮጌ አድራሻ ቀድሞ ሊነበብ ይችላል፤ የዓምዳችሁ ምክር የሚያስከትለውም ይኸንኑ ነው። ስለዚህ ፈተናው በዚያው መንገድ በሚሄደው «ጌትኤንት ሆስትስ» በተባለው ትእዛዝ ቢደረግ ይሻላል። ኤስኤስኤች የሚያውቀውን ስም ሌላ ኮምፒውተር መልስ መስጠቱን የሚፈትሸው ፒንግ የማያውቀው ከሆነ ደግሞ፣ ስሙ በተጠቃሚው የኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይል የተሰጠ ቅጽል ሊሆን ይችላል።

መግባት እየተቻለ ለብዙ ሴኮንዶች የሚያስጠብቅ ከሆነ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በሊኑክስ ላይ የዲኤንኤስ ሰርቨሮች በሚዘረዘሩበት በሪዞልቭ ኮንፍ ፋይል መጀመሪያ የተጻፈው የዲኤንኤስ ሰርቨር ካልመለሰ፣ ሲስተሙ ወደ ሁለተኛው ከመሻገሩ በፊት እንደ ተለመደው 5 ሴኮንድ ይጠብቃል። መዘግየቱ ከወዲያኛው ወገንም ሊመጣ ይችላል፤ ሰርቨሩ ራሱ የገቢውን አድራሻ ወደ ስም ለመመለስ ሲሞክርና የተገላቢጦሹ መዝገብ ሲጠፋ መልስ እየጠበቀ ይቆያል። ኦፕንኤስኤስኤች የተባለው የኤስኤስኤች ፕሮግራም ይህን ፍለጋ በነባሪነት ማድረግ የተወው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 6.8 እትም ስለሆነ፣ በአሮጌ ሰርቨሮች የኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይል ላይ ይህን ፍለጋ የሚያበራና የሚያጠፋ «ዩዝ ዲኤንኤስ» የሚለውን መስመር መመልከት አይከፋም።

እንደ አርሎጊንና አርኤስኤች ያሉ የቀድሞ የሩቅ መግቢያ ትእዛዞች በሚሠሩበት ቦታ የተገላቢጦሹ ፍለጋ ከመዘግየት አልፎ የመታመን ጉዳይ ነው፤ ሰርቨሩ የሚታመኑ ኮምፒውተሮች በሚዘረዘሩበት በአርሆስትስ ፋይል የተጻፈውን ስም ከፍለጋው ካገኘው ጋር ስለሚያስተያይ፣ አንዱ አጭር ስም ሌላው ሙሉ ስም ከሆነ ተጠቃሚውን እንደማያውቀው ይቆጥረዋል። እነዚህን ትእዛዞች ግን ማስተካከል ሳይሆን መተው ይበጃል፤ በኔትወርኩ ላይ ሁሉንም ሳይመሰጥሩ ያስተላልፋሉና።

ጠያቂው አንባቢ ኤስኤስኤችን ሂደቱን ደረጃ በደረጃ በሚያሳየው በ«ማይነስ ቪ» አማራጭ አስነሥተው፣ አድራሻው ከመታየቱ በፊት ይሁን ግንኙነቱ ከተመሠረተ በኋላ የሚቆመውን ቢያስተውሉና ለዓምዱ ቢጽፉ፣ ችግሩ በእርሳቸው ኮምፒውተር ይሁን በሰርቨሩ በኩል መለየት ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲስተም አስተዳዳሪ