በማዳበሪያ የምንጥለው ማዳበሪያ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

እኛ ጎንደሮች ቆሻሻችንን የምናወጣው በማዳበሪያ ነው። ጆንያውን ማለቴ ነው፤ ዩሪያው ካለቀ በኋላ ገበያ ላይ የሚሸጠውን ነጩን ጆንያ። የያዘው ነገር ቢያልቅም ስሙ ቀርቶለት "ማዳበሪያ" እንደተባለ ይኖራል። መጀመሪያ እህል ይገባበታል፣ ቀጥሎ ከሰል፤ ሲያረጅ የጓዳ ጥራጊ ተሞልቶ በር ላይ ይቆማል። ባለፈው ሳምንት የራሴን ቤት ጆንያ ዘረገፍኩና አየሁት። የድንች ልጣጭ፣ የሽንኩርት ገለፈት፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የጎመን ግንድ፣ ጥቂት አመድ፤ ከላይ ሦስት ፌስታልና አንድ ሃይላንድ። ፌስታሎቹና ሃይላንዱ ቢወጡ የቀረው በሙሉ ማዳበሪያ ነበር። አሁን ጆንያውን ማለቴ አይደለም።

ግብርና ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ብስባሽ ከማውራቴ ብዛት ተማሪዎቼ "መምህር ኮምፖስት" ይሉኝ ነበር፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ፒያሳ ላይ ሲያገኙኝ በዚሁ ይጠሩኛል። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ አፈር ብቻ አይደለም። ያ ጆንያ ከኔ ደጃፍ ሲነሣ የሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ነው የሚወድቀው፤ ስለዚያ ሰው ነው ማንሣት የፈለግሁት።

አስቀድሞ ግን ቅዳሜ ገበያን ማታ ላይ እንየው። ሽንኩርቱ ገለፈቱን፣ ጎመኑ የውጭ ቅጠሉን ጥሎ ይሄዳል፤ የላሸቀው ቲማቲም እዚያው ይረገጣል። ከጫት መሸጫዎቹ በር ላይ ገራባው ተከምሮ ያድራል፤ በበዓል ማግስት ደግሞ ቄጠማው ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ የገበሬው መሬት ያበቀለው ነው፤ የተክል ምግብ የሆኑት ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ አብረውት መጥተዋል። የፎገራ አፈር በሽንኩርት መልክ ተጭኖ ጎንደር ይገባል እንጂ ተመልሶ አይሄድም። ገበሬው በበኩሉ ከብቱ የጣለችውን ኩበት አድርጎ ያነደዋል፤ ሌላ ማገዶ የለውማ። ለመሬቱ ደግሞ ከባሕር ማዶ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ዩሪያ ይጠብቃል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ጠፍቶ የክልላችን ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ አቤት ማለቱን የረሳነው አይመስለኝም። እሱ አቤት ሲል የኛ ገለፈት ጆንያ ሙሉ ሆኖ ወደ መጣያው ይጋዝ ነበር።

መጣያው ከከተማው ዳር ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ እዚያ አካባቢ ቤት ተከራይታ ልጆቿን ታሳድጋለች። ለምን እዚያ እንደተከራየች አልጠየቅኋትም፤ የከተማውን የቤት ኪራይ የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም። በበጋ ጭሱ፣ በክረምት ጥቁሩ ውኃ፣ ዓመቱን ሙሉ ዝንቡ። ልብስ አጥባ ውጭ አታሰጣም። እንግዳ የምትጠራው የነፋሱን አቅጣጫ አይታ ነው። እሷ በወር የምታወጣው ቆሻሻ አንድ ሆቴል በአንድ ምሳ ሰዓት ከሚያወጣው አይበልጥም፤ የሁላችንንም የምትተነፍሰው ግን እሷ ናት። የአካባቢ ፍትሕ የሚባለውን ነገር ስብሰባ ላይ ስንሰማው የውጭ አገር ሰዎች ወሬ ይመስለናል። እኔ ግን ከዚህች ሴት ግቢ ወዲያ ልፈልገው አልሄድም።

ጭሱ ከየት እንደሚመጣ ልናገር፤ የመምህርነት አመል ነውና ታገሡኝ። ልጣጭና ቅጠል ሌላ ቆሻሻ ተጭኖበት አየር ሲያጣ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ሙቀት ያፍናል፤ እሳትም በቀላሉ ይይዛል። ከሥሩ የሚወጣው ፈሳሽ ደግሞ ከባትሪውና ከቀለም ቆርቆሮው ያገኘውን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ጎንደር ላይ ሁሉም ነገር ቁልቁል ይወርዳል። ወንዞቻችን ቀሃም አንገረብም ወርደው መገጭን ይቀላቀላሉ፣ መገጭ ጣና ይገባል። በጥምቀት የፋሲለደስን መዋኛ የሚሞላልን ቀሃ ከከተማው ሲወጣ ምን ተሸክሞ እንደሚሄድ ለማወቅ ድልድይ ላይ አምስት ደቂቃ መቆም ይበቃል። እምቦጭ ጣናን ወረረው ብለን ስንጮህ አረሙ የሚፋፋው ከላይ በሚወርድለት ምግብ መሆኑን፣ ከመጋቢዎቹ አንዱም እኛ መሆናችንን አናነሣም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት አገሩ ሁሉ አለቀሰ። ሥሩ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ የነበሩት ቦታውን ወደውት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቆሻሻን አቃጥሎ መብራት ስለማውጣት ብዙ ተወራ፣ ቀድሞ የተጀመረው ፋብሪካም ተመረቀ። የኛ ዓይነቱ ጆንያ ግን አብዛኛው እርጥብ ልጣጭ ነው፤ እርጥብ ልጣጭ ደግሞ የሚነድ ሳይሆን የሚበሰብስ ነገር ነው።

ሕጉ ጎደለ እንዳይባል ሕግ አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት የሚነካው ሕዝብ አስተያየቱን እንዲሰጥ መብት ያጎናጽፈዋል። ተማሪዬን እስከ ዛሬ የጠየቃት የለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999ም መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው የመለየት ኃላፊነት ገና ድሮ ለቤተሰብ ኃላፊው ሰጥቷል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ሲወጣ ሰው ሁሉ ያወራው ስለ ፌስታል ቅጣቱ ብቻ ነበር። ፌስታል ይቅር፣ ደግ ነው። ነገር ግን ከኔ ጆንያ ፌስታሉን አውጥቼ ጆንያውን መዘንኩት፤ ክብደቱ ያው ነው።

ታዲያ ለምን አንለይም? እኔ ለይቼ አይቻለሁ። ሁለት ጆንያ አቆምኩ፤ እርጥቡን በአንዱ፣ ደረቁን በሌላው። የሰፈራችንን ቆሻሻ የሚያነሡት ልጆች መጡና ሁለቱንም አንድ ጋሪ ላይ ገለበጧቸው። ተናደድኩ። ከመካከላቸው አንዷ ልጅ፣ ዕድሜዋ ከሃያ አይበልጥም፣ ላቧን በክንዷ ጠርጋ "ጋሼ፣ እርስዎ ቢለዩትም ባይለዩትም እኮ የሚጭነው መኪና አንድ ነው፤ ለኛም የሚከፈለን ያው ነው" አለችኝ። ያለ ጓንት ነበረች። ሃያ ዓመት ከሰማኋቸው የንጽሕና ቅስቀሳዎች ሁሉ ይልቅ የዚች ልጅ ንግግር ነገሩን አስረዳኝ። ኗሪው አይጠነቀቅም፣ ግንዛቤ የለውም ይባላል። ግንዛቤ ያለው ሰው ለይቶ ቢያስቀምጥስ የሚቀበለው ማን ነው?

ብስባሽ ማዘጋጀት ከባድ አይደለም፤ ግን እንደሚወራው ዝም ብሎ ከምሮ መጠበቅም አይደለም። ትምህርት ቤት ሳለሁ የመጀመሪያው ክምሬ ከሸፈብኝ። እርጥብ ልጣጭ ብቻ ከምሬ ገማ፣ ጎረቤት አቤት አለ፣ ርእሰ መምህሩ ጠርተው "ይህ ነገር ትምህርት ነው ወይስ በሽታ?" አሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ገለባ አልጨመርኩበትም። አንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋል፤ በጓሮ ቋንቋ ሲነገር እርጥቡ ላይ ደረቅ ቅጠልና ገለባ አብዝተህ ደርብ ማለት ነው። እርጥበቱ ጨምቀኸው ጠብ የማይል፣ ስትለቀው የማይበተን መሆን አለበት። ረጅም ዱላ መሃሉ ላይ ሰክተህ ታቆያለህ፤ ስትመዘው ከሙቀቱ የተነሣ እጅ ካላስያዘ ሠርቷል። ከ55 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ቀናት ከቆየና እየተገላበጠ ሁሉም ሙቀቱ ከደረሰው የበሽታው ጀርምም የአረሙ ዘርም ይሞታል። በሦስት በአራት ወሩ የደን አፈር የመሰለ፣ የደን አፈር የሚሸት ነገር ታፍሳለህ። ሁለተኛው ክምር ሲደርስ ርእሰ መምህሩ ለቤታቸው ጽጌረዳ ሁለት ባልዲ ወሰዱ። እናቶቻችንም እኮ ዱባ የሚተክሉት ጉድፉ ላይ ነበር፤ ማንም ሥልጠና አልሰጣቸውም።

ለገበሬ እንደሚሠራም በአገራችን ታይቷል። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ከገበሬው ጋር የሠሩት የኮምፖስት ሥራ፣ በብስባሽ የተዘራው ማሳ በፋብሪካ ማዳበሪያ ከተዘራው የሚስተካከል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ምርት እንደሚሰጥ አሳይቷል። ከተሞችን በተመለከተም የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የደገፈው የኮምፖስት ፕሮጀክት ስድስት ከተሞችን መርጦ ነበር፤ ባሕር ዳር አለችበት፣ ጎንደር የለችበትም። ቅናት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ቅናት ነው። ነገር ግን ከፕሮጀክት የምፈራው ሲያልቅ ማለቁን ነው፤ ስለዚህ የምጠይቀው ፕሮጀክት ሳይሆን ደንብ ነው።

የክልሉ መስተዳድር ምክር ቤት የሚበሰብስ ቆሻሻ ሳይለይ ወደ መጣያ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ ያውጣ፤ ሲጀምር ግን ከኔ ጓዳ አይጀምር። ከገበያው፣ ከሆቴሎቹ፣ ከዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤቶችና ከጫት መሸጫዎቹ ይጀምር፤ ብዙው ያለው እዚያ ነው፣ ገና ከምንጩም የተለየ ነው። ብስባሹ የሚዘጋጅበት ቦታ አንድና ሩቅ ሳይሆን በየክፍለ ከተማው ትንንሽ ይሁን፣ የሚሠሩበትም እነዚያው በጋሪ የሚለፉት ልጆች ይሁኑ። ክፍያቸው ስንት ጋሪ ጣላችሁ በሚል ብቻ ከተሰላ የመለየት ጉልበት ከየት ይመጣል? መጣያው ያልደረሰው ኩንታልም ይከፈልበት። ጓንትና የቴታነስ ክትባት ደግሞ ደንብ ሊጠብቅ የሚገባው ነገር አይደለም።

ብስባሹን ማን ይገዛዋል? የመጀመሪያው ገዢ ራሱ ከተማው ነው። በኮሪደር ልማቱ ሣርና አበባ የተተከለበት መንገድ ሁሉ አፈር ይበላል። ገበሬው ግን ይጠራጠራል፣ እውነት አለው። አንድ የደንቢያ ሰው "የከተማ ቆሻሻ ማሳዬ ላይ አራግፌ በሬዬ ጠርሙስ ሊረግጥ ነው?" ብሎኛል። መልሱ ስብከት አይደለም፤ ከምንጩ መለየት፣ በወንፊት መንፋት፣ እያንዳንዱ ክምር ከመሸጡ በፊት ናሙናው የአፈር ላቦራቶሪ ገብቶ ውጤቱ ጆንያው ላይ መለጠፉ ነው። ይህን ሳያሟሉ ለገበሬ ከማቅረብ አለማቅረብ ይሻላል፤ አንዴ ካመረረ አይመለስም።

አዲስ መጣያ ሲታሰብም፣ አሮጌው ሲዘጋም፣ አጠገቡ የሚኖሩት ሰዎች ጥናቱ ካለቀ በኋላ ለጭብጨባ ሳይሆን ቦታው ሲመረጥ ይቀመጡ። ለኑሯቸው መነካት ማካካሻ የሚለውም እዚያው አንቀጽ 44 ውስጥ ተጽፏል።

የሚመለከታቸው የክልሉም ሆነ የከተማው ኃላፊዎች በዚሁ ገጽ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቢመልሱ ይበቃኛል፤ የቅዳሜ ገበያን ገለፈት ብቻ ለይቶ ለማስቀረት ከሚቀጥለው ክረምት በፊት የሚያግደን ምንድን ነው?

ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለተማሪዬ በስልክ አነበብኩላት። "የነፋሱ ነገር ይውጣልኝ መምህር፤ እንግዶቼ ካነበቡት ምን ይሉኛል?" አለችኝ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ "እንግዲያው ይቆይ፤ ስሜን ብቻ እንዳይጽፉት" ብላኛለች።

ጡረተኛ የግብርና መምህር
ከጎንደር