ጭንቅላቱን ለብቻው ቅረጹ

ውድ አባላት፣

የማባበያ ዳክዬውን (የዱር ዳክዬዎችን ለመሳብ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን የእንጨት ዳክዬ) ጭንቅላትና ገላ ከአንድ እንጨት አታውጡ። ጭንቅላቱ ላይ የእንጨቱ ጭረት (የቃጫው አቅጣጫ) የምንቃሩን ርዝመት ተከትሎ መሄድ አለበት፤ ምንቃሩን አቋርጦ ካለፈ አንድ ጊዜ ሲወድቅ ይቀነጠሳል።

ገላውን በመጥረቢያ ከጠረባችሁ በኋላ ባለሁለት እጀታውን ቢላዋ ወደ ራሳችሁ እየሳባችሁ ቅርጽ አስይዙት። ሁልጊዜ ከጀርባው ከፍታ ወደ ደረቱና ወደ ጅራቱ ውረዱ። ስለቱ እንጨቱን እየነቀለ ከሸረከተው ዙሩና ከሌላው ወገን ጀምሩ፤ በጉልበት አይሆንም።

ገላውን ለሁለት ከፍላችሁ ውስጡን በመሮ ስትፈለፍሉ ግድግዳው ከ2 ሴንቲ ሜትር አይሳሳ። ሁለቱን ግማሾች ውኃ በማይፈታው ማጣበቂያ ግጠሙ።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ገንዳ ውስጥ አንሳፉት። ካጋደለ ከሆዱ ሥር የምታደርጉትን ሚዛን መጠበቂያ ክብደት ከፍ ወዳለው ጎን አስጠጉና ቀጥ ሲል ምስማር ምቱበት።