የሚጮኸው ቫልቭ እና ዝም ያለው፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዛችሁ ስለመጣችሁ፣ ለየብቻ ከምናስረዳ አንዴ ጽፈን ብንልክላችሁ ይሻላል ብለን ነው። ቅሬታው ይሄ ነው፦ «ድሮ ቫልቭ አስተካክላችሁ በሁለት ሰዓት ታስወጡን ነበር፣ አሁን ምን ሆናችሁ ነው መኪና የምታሳድሩት?» እውነታችሁን ነው። ድሮ እንደዚያ ነበር የምንሠራው። ልክ አልነበርንም። (ቫልቭ ማለት ወደ ሲሊንደሩ አየር የሚገባበትንና ጭስ የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚከፍትና የሚዘጋው ነው፤ ማስተካከል ማለት ደግሞ በቫልቩና እሱን በሚመታው ሮከር መካከል ያለውን ክፍተት ልኩ ላይ ማድረግ ነው።)

ይህን ያስተማረን አንድ ሲኖ ትራክ ነው። ከጅቡቲ መስመር የገባ ነው። ጭኖ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ቆሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ከላይ ቲክ ቲክ ይላል። ሾፌሩ ቸኩሏል፣ እኛም ቸኩለናል። ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን ከፍተን፣ ቫልቭ አስተካክለን ሸኘነው። በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ። ደግመን አስተካከልን። በሦስተኛው ሲመጣ ሾፌሩ «ካልቻላችሁ ንገሩኝና ሌላ ጋ ልውሰደው» አለን፣ አልፈረድንበትም።

ያን ቀን አሳደርነው። ጠዋት ሮከሮቹን አንድ በአንድ አውልቀን ስናይ፣ የ4ኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ሮከር ቫልቩን የሚመታበት ጫፉ ላይ ተበልቶ ጎድጉዷል። በዓይን ብዙም አይታይም፣ ጥፍር ሲያልፍበት ግን ይይዛል። አሁን አስቡት፦ ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያው) ጠፍጣፋ ቅጠል ነው። ጉድጓዱ ውስጥ አይገባም፣ ከላዩ እንደ ድልድይ ይጋደማል። እኛ 0.40 ሚሊሜትር ለካን ብለን ስንዘጋ፣ ትክክለኛው ክፍተት ግን 0.40 ሲደመር የጉድጓዱ ጥልቀት ነበር። መቶ ጊዜ ብናስተካክለው መቶ ጊዜ ይጮህ ነበር። ለምን ተበላ? ዘይት ወደ ሮከሩ የምታደርሰው ቀዳዳ በጥቁር ጭቃ ተደፍና ነበር። ዘይት ሳይቀየር ብዙ ሲሄድ የሚመጣው ይኸው ነው፤ ጥቀርሻ ይጠራቀማል፣ ይወፍራል፣ መጀመሪያ የሚጠማው ደግሞ የላይኛው ክፍል ነው።

እንግዲህ የሚጮኸው ቫልቭ እንዲህ ያለ ነው። ያስቸግራል፣ ግን ቢያንስ ይናገራል። እኛን የበለጠ የሚያስፈራን ዝም ያለው ነው።

ቫልቩና የሚያርፍበት መቀመጫ እየተበሉ ሲሄዱ ቫልቩ ወደ ቴስታታው (ሲሊንደሩን ከላይ ወደሚከድነው ብረት) ውስጥ ይሰምጣል፣ ጅራቱ ወደ ሮከሩ ይጠጋል። ክፍተቱ ይጠባል ማለት ነው እንጂ አይሰፋም። ድምፅ የለም፣ እንዲያውም ሞተሩ የተረጋጋ ይመስላል። አንድ ቀን ክፍተቱ ጨርሶ ያልቅና ቫልቩ መዝጋት ያቅተዋል። የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሙቀቱን በዋናነት የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ባረፈባት ቅጽበት ነው። ማረፍ ካልቻለ ይቃጠላል። ዓባይ በረሃን ሙሉ ጭነት ይዞ ወደ ደጀን ሲወጣ እንዲህ ያለው ቫልቭ ምን እንደሚገጥመው ለእናንተ አንነግራችሁም። ስለዚህ «አይጮህም፣ ለምን ትከፍቱታላችሁ?» ስትሉን መልሳችን ይሄ ነው።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። መኪናው ማታ ይገባል፣ ሞተሩ ሌሊቱን ይቀዘቅዛል፣ ምክንያቱም የሲኖ ደብሊው ዲ 615 ሞተር ልክ የሚወሰደው በብርዱ ነው፦ ማስገቢያው 0.30፣ የጭስ ማውጫው 0.40። (ሌላ ዓይነት ሞተር ያላችሁ ይህን ቁጥር አትያዙ፣ የየራሱ አለው።) ጠዋት ምንም ብሎን ሳንነካ የ12ቱንም ቫልቭ ክፍተት እንዳለ ለክተን ወረቀት ላይ እንጽፋለን። ወሬው ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ከሰፉ ያረጀ ማስተካከያ ነው፣ አስተካክለን እንሸኛችኋለን። አንዱ ብቻ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከሰፋ የተበላ ነገር አለ። አንዱ ብቻ ከጠበበ ደግሞ ቴስታታው መውረድ አለበት ማለት ሊሆን ይችላል። ደግነቱ በዚህ ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቴስታታ ስላለው ስድስቱንም ማውረድ የለብንም።

ከማውረዳችን በፊት ግን አየር እንነፋበታለን። ሁለቱም ቫልቮች የሚዘጉበት ቦታ ላይ ሞተሩን አቁመን በኢንጀክተሩ ቀዳዳ አየር እንሰዳለን፣ ከዚያ ጆሮ ነው። በጭስ ማውጫው ከተነፈሰ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ነው፣ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ ማስገቢያው፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)። ራዲያተር ውስጥ አረፋ ካየን ቫልቩን እንተወውና ስለ ጋርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) እናወራለን።

ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያስነሳው ባለ ጉብታ ዘንግ) ላይ ከደረሰ ወጪው ሌላ ነው፣ እሱን አንደብቃችሁም። ፑሽ ሮዱ (ሮከሩን ከታች የሚገፋው ዘንግ) ላይ ዲያል ጌጅ (ባለ ቀስት መለኪያ) አስደግፈን ሞተሩን በእጅ ስናዞር ምን ያህል እንደሚነሳ እናያለን። ከሌሎቹ ያነሰ ከተነሳ የካሙ ጉብታ ተበልቷል። ያኔ «ታፔቱን ተዉት፣ ካሙን ብቻ ቀይሩ» አትበሉን። የተበላ ታፔት (በካሙና በፑሽ ሮዱ መካከል ያለው ክፍል) አዲስ ካም በልቶ ይመልስላችኋል፤ አንድ ጊዜ በደንበኛ ልመና ተሸንፈን አድርገነው አፍረንበታል።

ከእናንተ የምንፈልገው ትንሽ ነው። ዘይት ሌላ ቦታ ስታስቀይሩ አሮጌውን ፊልትሮ አትጣሉት፣ በፌስታል ይዛችሁልን ኑ። ቀደን ማግኔት እናስጠጋበታለን። ማግኔቱ የሚያነሳው ብናኝ ካለ ብረት ነው፣ ካምና ታፔትን እንጠረጥራለን። የሚያብረቀርቅ ግን ማግኔት የማያነሳው ከሆነ ወደ ታች ወደ ብሮንዚናው (የክራንክሻፍቱ መቀመጫ) ነው የምናየው። ጠዋት ስታስነሱ ሰማያዊ ጭስ ወጥቶ ቶሎ ከጠፋም ንገሩን፣ ብዙ ጊዜ የቫልቩ መሪ ወይም የዘይት ጎማው ነው። ዳገት ላይ የሚወጣ ጥቁር ጭስ ግን ከቫልቭ ሌላ ብዙ ምክንያት አለው፣ ቱርቦም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በስልክ «ምን ይመስላችኋል?» ብላችሁ አታስምሉን።

የለካንበትን ወረቀት አንዱን ቅጂ ከመኪናው ጋር እንሰጣችኋለን። እባካችሁ ሾፌሩ ኪስ ውስጥ እንዳይቀር። በሚቀጥለው ጊዜ ከአዲሱ ጋር አጠገብ ላጠገብ አድርገን ነው የምናየው፣ ወደ እኛ ባትመጡም ለሌላ መካኒክ ይጠቅመዋል።

መኪና የምታስገቡ ከ11 ሰዓት በኋላ አድርሱን፣ ጥበቃው ይቀበላችኋል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የ12ቱን ቁጥር ደውለን እንነግራችኋለን፣ ከዚያ በፊት ምንም አንፈታም።

የጋራዡ ልጆች