እንዶድ ከቤተ ሙከራ ወደ መስኖ ቦይ ይውረድ

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ አገራችን ብዝኃ ሕይወት ሲጻፍ ቡና፣ ጤፍና ዋልያ ደጋግመው ይነሳሉ፤ ተገቢም ነው። በየአጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ የሚያድገውና እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ ግን፣ በሳይንስ ዓለም ያስጠራን ተክል ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ስሙ ከተሳሰረበት ከዚህ ተክል የተገኘው ዕውቀት በሥራ ላይ እንዲውል ለማሳሰብ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ብልሃርዚያ ስለተባለው፣ በውኃ ስለሚተላለፈው የትል በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አገኙ። የብልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የግድ በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ ስላለበት፣ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን መተላለፊያ መዝጋት ነው። አረፋ የሚያወጣውና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን ሲሆን፣ ፍሬው ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ውኃ ሲነካው ጉልበቱ ይወጣል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ውኃው ውስጥ ፈራርሶ ይጠፋል።

ለብዝኃ ሕይወት ተቆርቋሪዎች ደግሞ ልዩ ትርጉም ያለው ነገር አለ፤ እንዶድ ሁሉ እኩል አይደለም። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ ዝርያዎችን ሲያወዳድሩ ጉልበታቸውና ምርታቸው ተለያይቶ በመገኘቱ ነው 44 የሚል ቁጥር የተሰጠው ዝርያ የተመረጠው። ስለዚህ ለመንገድና ለቤት ግንባታ ከነሥሩ የሚነቀለው የአጥር እንዶድ፣ ማንም ሳይለካው የሚጠፋ ሀብት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎል ለበስ እንስሳትን ለማጥፋት እንዲውል የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ፓተንት አገኘበት። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የወጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለእንዶድ ዘግይቷል።

ዛሬ የብልሃርዚያ መከላከል ሥራ በአብዛኛው ለተማሪዎች በሚታደለው ፕራዚኳንቴል ላይ ያረፈ ነው። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ዳግም መያዝን ግን አይከላከልም። ኪኒኑን ውጦ የዳነ ልጅ ከብት ሊያጠጣ ወይም ሊዋኝ ወደዚያው ቦይ ሲወርድ እንደገና ይያዛል። ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚመከረው ኒክሎሳማይድ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ኬሚካል ነው።

እንዶድ እንከን የለውም አልልም። ዓሣንም ስለሚገድል ጣና ውስጥ ይጨመር የሚል ሰው ቢመጣ ቀድሜ የምቃወመው እኔ ነኝ። የእኔ ሐሳብ ዓሣ በማይረባባቸውና የውኃው ፍሰት በሰው እጅ በሆነባቸው የመስኖ ቦዮች ላይ ነው። ለምሳሌ በሽታው ከቆየባቸው ከወንጂ አካባቢ ቦዮች በጥቂቶቹ ላይ፣ ኢንስቲትዩቱ ከጤና ጽሕፈት ቤቶችና ከመስኖ ተጠቃሚዎች ጋር ሆኖ፣ ከኪኒን ዕደላው ጎን ለጎን ቢሞክረውና በልጆቹ ላይ ዳግም የመያዙን መጠን ቢለካ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ይጠቅመናል። በየክረምቱ ለአረንጓዴ አሻራ ችግኝ የሚያፈሉ ጣቢያዎችም የተመረጠውን ዝርያ ቢያባዙ ትልቅ ወጪ አይጠይቃቸውም። ብቻ እንዶድ ወንዱና ሴቱ የተለያየ ተክል ስለሆነ፣ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ መሆኗን ችግኝ አፍዪዎቹ ከወዲሁ ይወቁ።

ኢንስቲትዩቱ የእንዶድ ምርምር አሁን ያለበትን ደረጃና ዝርያዎቹ የት ተጠብቀው እንዳሉ በጋዜጣችሁ ቢገልጽልን፣ ምላሹን ከሚጠብቁ አንባቢዎች አንዱ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ከባሕር ዳር